አባይ በረሃን በሳይክል፦ ኮርቻ፣ ጉልበት፣ ውሃ

ከአዲስ አበባ ተነስቶ በሱሉልታ፣ በጫንጮና በሙከጡሪ አድርጎ ጎሃጽዮን የሚደርሰው፣ ከዚያም አባይን ተሻግሮ በደጀንና በደብረ ማርቆስ ባሕር ዳር የሚገባው መንገድ ከ500 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ዕቃ ጭኖ በሳይክል ለሚሄድ ሰው ስድስት ሰባት ቀን ይፈጃል። ስለዚህ መንገድ የሚነሳው ጥያቄ ሁሉ ስለ አባይ ዳገት ነው። ዳገቱ በእርግጥ ከባድ ነው፤ ያቃተው ሰው ግን ወርዶ እየገፋ ይወጣዋል። መቀመጫው ላይ ሽንብራ የምታክል እብጠት የወጣችበት ሰው ግን መግፋትም አያድነው። ጉልበቱ በሁለተኛው ቀን ያበጠበትም፣ ሆዱ የተበላሸበትም እንደዚሁ ነው። እነዚህ ችግሮች አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምሩት ቤት ውስጥ፣ ሳይክሉ ሳይስተካከል ሲቀር ነው።

ከሁሉ በፊት የመንገዱን ሰላም አጣሩ። በዚያው ሳምንት የተመላለሰ የአገር አቋራጭ አውቶብስ ወይም የጭነት መኪና ሹፌር የሚነግራችሁን የሚያህል መረጃ የለም። መንገዱ ካልተረጋጋ አትሂዱ። እዚህ የተጻፈው አብዛኛው ነገር ለሐዋሳም ለጅማም መንገድ ይሠራል።

ኮርቻ

ሰው ኮርቻ ሲያመው ቶሎ የሚያደርገው ሰፊና ለስላሳ ኮርቻ መግዛት ወይም በነበረው ላይ ስፖንጅ ማልበስ ነው። ለአንድ ሰዓት ይመቻል። ከዚያ በኋላ ስፖንጁ አጥንት ያረፈበት ቦታ ላይ ይሟሽሽና መሐሉ ላይ ሽቅብ ያብጣል። ሁለቱ የመቀመጫ አጥንቶች ሊሸከሙት የሚገባውን ክብደት በመካከላቸው ያለው ለስላሳ ሥጋ፣ የደም ሥርና ነርቭ ይሸከመዋል። ብልት አካባቢ የሚሰማው መደንዘዝ የሚመጣው ከዚህ ነው። ለረጅም መንገድ ጠንከር ያለ፣ ስፋቱ ለአጥንታችሁ የሚበቃ ኮርቻ ይሻላል።

ስፋቱን ለማወቅ የዕቃ ማሸጊያ ካርቶን ቆርጣችሁ ጠንካራ ወንበር ላይ አንጥፉ። ቁጭ በሉና ሳይክል ላይ እንዳላችሁ ወደ ፊት ጎንበስ ብላችሁ አንድ ደቂቃ ቆዩ። ስትነሱ ካርቶኑ ላይ ሁለት ጎድጎድ ያሉ ምልክቶች ታገኛላችሁ። ከአንዱ መሐል እስከ ሌላው መሐል ለኩ። 12 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ኮርቻው ሰፊው ቦታ ላይ 14 ገደማ ይሁን፤ አጥንቱ ጠርዝ ላይ እንዳያርፍ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ትርፍ ያስፈልጋል። ሴቶች አብዛኛውን ጊዜ ሰፋ ያለ ይፈልጋሉ፤ መሐሉ የተቦረቦረ ኮርቻ ደግሞ ለብዙዎቹ እፎይታ ነው።

ቀጥሎ ቁመቱ። ጫማ አውልቃችሁ ጀርባችሁን ግድግዳ ላይ አስደግፉ፤ አንድ ወፍራም መጽሐፍ በእግሮቻችሁ መካከል አስገብታችሁ ኮርቻ ላይ የተቀመጣችሁ ያህል ወደ ላይ ጫን አድርጉት። ከወለሉ እስከ መጽሐፉ የላይኛው ጠርዝ ያለውን ለክታችሁ በ0.883 አባዙ። 80 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 70.6 ይመጣል። ይህ ፔዳሎቹ ከሚዞሩበት ዘንግ መሐል ተነስቶ የኮርቻውን ዘንግ ተከትሎ እስከ ኮርቻው አናት ያለው ርቀት ነው። ከዚያ በተረከዝ አረጋግጡ፦ ኮርቻው ላይ ተቀምጣችሁ ተረከዛችሁን ታች በደረሰው ፔዳል ላይ ስታሳርፉ እግራችሁ ቀጥ ማለት አለበት። የእግራችሁን የፊት መዳፍ ወደ ፔዳሉ ስትመልሱ ጉልበታችሁ በትንሹ ይታጠፋል፤ ትክክለኛው እሱ ነው። ማስተካከል ካስፈለገ በአንድ ጊዜ ከ5 ሚሊ ሜትር አትለፉ። ቦታውን ስታገኙ ዘንጉ ላይ ናስትሮ ጠምጥሙበት። ኮረኮንች መንገድ ላይ ዘንጉ ቀስ በቀስ ወደ ታች ይንሸራተታል፤ ናስትሮው ከሌለ ነገሩ የሚታወቀው ጉልበት ማመም ከጀመረ በኋላ ነው።

ኮርቻው በውሃ ልክ ጠፍጣፋ ይሁን። አፍንጫው ወደ ላይ ከቀና ያደነዝዛል፤ ወደ ታች ካዘነበለ ሰውነታችሁ ወደ ፊት እየተንሸራተተ ክብደቱ ሁሉ እጃችሁ ላይ ይወድቃል። ወደ ፊትና ወደ ኋላ ያለውን ደግሞ በቱንቢ ታገኙታላችሁ፦ ሁለቱን ፔዳል አግድም አድርጋችሁ ከፊተኛው ጉልበት ሎሚ ፊት ለፊት ክር ከነክብደቱ ጣሉ፤ ክሩ በፔዳሉ ዘንግ ላይ ቢወርድ ጥሩ መነሻ ነው።

ሱሪውን በተመለከተ አንድ ነገር ጠበቅ አድርጌ ልናገር። መቀመጫው ላይ ንጣፍ የተሰፋለት የሳይክል ቁምጣ ከሥሩ የውስጥ ሱሪ አይለበስበትም። ንጣፉ የተሠራው ቆዳ ላይ እንዲያርፍ ነው። የውስጥ ሱሪ ስፌት በየረገጣው ሲፈትግ በሰዓት አምስት ሺህ ጊዜ ያህል ያንኑ ቦታ ይፈትጋል። ሁለት ቁምጣ ያዙ፤ ሦስት ቢሆን ደግሞ ይመረጣል። ማታ ማታ በሳሙና ታጥቦ፣ ተገልብጦ ይሰጣ። ጠዋት ካልደረቀ ሁለተኛውን ልበሱና እርጥቡን ከኋላ ጭነቱ ላይ ዘርግታችሁ በፀሐይ አድርቁት። ሰውነት ላይ መጣበቁ የማይመቻችሁ ከሆነ ከላይ ሰፊ ቁምጣ ወይም ቀሚስ መደረብ ይቻላል፤ በገጠር ከተሞችም ሰው በአክብሮት ያያችኋል።

ጭንና መቀመጫ የሚገናኙበት እጥፋት ላይ ጠዋት ስስ ቫዝሊን ቀቡ፤ በጣም ከበዛ ንጣፉ ውስጥ ይገባና በእጥበት አይለቅም። በየ15 ደቂቃው ለ20 ሰከንድ ፔዳሉ ላይ ቆማችሁ ንዱ። ዳገት ላይ ይህ ይበልጥ ያስፈልጋል፤ አየሩ ሲሞቅና ፍጥነት ሲቀንስ ሰው ሳያውቀው አርባ ደቂቃ ሙሉ አንድ ቦታ ላይ ተጣብቆ ይቀመጣል።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ቆዳ ሊቆስል ይችላል። መጀመሪያ የሚታየው መቅላትና ማቃጠል ነው። ያን ቀን ማታ ለብ ባለ ውሃና በሳሙና ታጥባችሁ፣ ሳታሹ በፎጣ ጫን ጫን አድርጋችሁ አድርቁና ዚንክ ኦክሳይድ ያለበት ቅባት፣ ለሕፃናት ዳይፐር ሽፍታ የሚሸጠውን ማለት ነው፣ ቀቡበት። የውስጥ ሱሪ ሳታደርጉ በሰፊ የጥጥ ልብስ ተኙ። የፀጉር ሥር ተቆጥቶ ጠንካራ እብጠት ከሆነ አታፍርጡት። ሞቅ ባለ ውሃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ ለ15 ደቂቃ፣ በቀን ሦስት አራት ጊዜ ያዙበትና አንድ ቀን ዕረፉ። አንድ ቀን ያልታገሠ አምስት ቀን ይተኛል። መቅላቱ እየሰፋ ከሄደ ወይም ትኩሳት ካመጣ ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ ከፋርማሲ በግምት አንቲባዮቲክ ገዝቶ መዋጥ ነገሩን ያባብሳል።

ጉልበትና ማርሽ

ጉልበት የሚያመው ቦታ ምክንያቱን ይናገራል። ከፊት፣ ከሎሚው ሥር ወይም ዙሪያ ካመመ ኮርቻው ዝቅ ብሏል ወይም ወደ ፊት ተጠግቷል፤ ወይም ደግሞ ከባድ ማርሽ እየረገጣችሁ ነው። ከኋላ ካመመ ኮርቻው ከፍ ብሏል፣ አለዚያም ወደ ኋላ ርቋል። ከውጭ በኩል ካመመ የእግር አቀማመጥ ጠማማ ነው፤ በተለይ ጫማው ከፔዳሉ ጋር የሚቆለፍ ከሆነ አንግሉን እዩት። ሕመሙ በተሰማበት ሰዓት ቆማችሁ 3 ሚሊ ሜትር ማስተካከል፣ ማታ ሆቴል ገብቶ ከማሸት በእጅጉ ይበልጣል።

ከባድ ማርሽ የብዙ ጉልበት ጠላት ነው። ሜዳ ላይ በደቂቃ ከ80 እስከ 90 ዙር፣ ዳገት ላይ ደግሞ ቢያንስ 60 ዙር መርገጥ መቻል አለባችሁ። ይህ የሚሆነው ሳይክሉ ቀላል ማርሽ ሲኖረው ብቻ ነው፤ እዚህ ላይ ሒሳቡን መሥራት ይጠቅማል። ገበያ ላይ የሚገኘው ብዙው ማውንቴን ሳይክል ከፊት ትንሹ ጥርስ 24፣ ከኋላ ትልቁ 28 ነው። ባለ 26 ኢንች ጎማ አንዴ ሲዞር ወደ 2.07 ሜትር ይሄዳል። 24 ለ28 ሲካፈል፣ በ2.07 ሲባዛ፣ አንድ ዙር ፔዳል 1.77 ሜትር ይወስዳችኋል፤ በ60 ዙር በሰዓት 6.4 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ባዶ ሳይክል ላይ ይበቃል። 15 ኪሎ ጭነት ሲጨመርበትና ዳገቱ ሲረዝም ግን ያንን ፍጥነት ይዞ መቆየት ለብዙ ሰው ይከብዳል፤ ዙሩ ወደ 45 ይወርድና ጭነቱ ጉልበት ላይ ያርፋል። የኋላውን በባለ 34 ጥርስ ብትቀይሩት ያው 60 ዙር በሰዓት 5.3 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ቀርፋፋ ይመስላል፤ ጉልበት ግን በዚህ ይተርፋል። ለውጡን ስታሠሩ ካቴናው መርዘም እንዳለበትና የኋላው ማርሽ ቀያሪ 34 የሚችል ባለ ረጅም እጅ መሆኑን መካኒኩን ጠይቁት። ካቴናው አጭር ከሆነ የፊቱ ትልቁ ጥርስና የኋላው ትልቁ ጥርስ አንድ ላይ ሲገቡ ማርሽ ቀያሪውን ይነቅለዋል።

ከመነሳታችሁ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት በፊት ልምምድ ጀምሩ፤ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ሁለት ቀን በተከታታይ፣ ጭነቱን ጭናችሁ ንዱ። ከአዲስ አበባ ወደ ሱሉልታ የሚያወጣው የእንጦጦ ዳገት ጥሩ መፈተኛ ነው። የሁለተኛው ቀን ጠዋት ሕመም የመጀመሪያው ቀን የደበቀውን ሁሉ ያወጣዋል።

እጅ፣ ትከሻ፣ እግር

ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣት መደንዘዝ ከጀመሩ መዳፍ ሥር የሚያልፈው ነርቭ ተጨቁኗል። አንጓን ሳያጥፉ ቀጥ አድርጎ መያዝ፣ በየአምስት ደቂቃው አያያዝ መቀየር፣ ንጣፍ ያለው ጓንት ማድረግ ያቃልለዋል። ቀጥ ያለ መሪ ካላችሁ ጫፍና ጫፉ ላይ ቀንድ አስገጥሙ፤ ርካሽ ነው፣ ተጨማሪ መያዣ ቦታም ይሰጣል። መደንዘዙ ማታም ካለቀቀ አንድ ቀን አርፉ። ነርቭ ቀስ ብሎ ነው የሚድነው።

አንገትና ትከሻ የሚያመው መሪው ሲርቅ ወይም ዝቅ ሲል ነው። ለረጅም ጉዞ መሪው ከኮርቻው ጋር እኩል ቢሆን ይመረጣል። ክርናችሁ በትንሹ ይታጠፍ። ጀርባ ላይ ቦርሳ አትሸከሙ፤ ክብደቱ ወደ ኮርቻና ወደ እጅ ይወርዳል፣ ጀርባንም በላብ ይቀቅላል። ዕቃው ከኋላ ባለው ፖርቶ መጋላ ላይ፣ በጎንና በጎን፣ ከባዱ ከታች ሆኖ ይጫን።

ጎማ ከማንኛውም ስፖንጅ ይበልጥ ንዝረትን ያበርዳል። ባለ 26 በ2.0 ጎማ ሰውና ጭነት ተደምሮ 95 ኪሎ ገደማ ከሆነ ከፊት 40፣ ከኋላ 45 ፒ ኤስ አይ (የአየር ግፊት መለኪያ) ይበቃዋል። ጎሚስታ ጋ በኮምፕሬሰር ስታስነፉ አጠገቡ ቁሙ፤ ለመኪና የለመደ እጅ በሁለት ሰከንድ ካላማዳሪያውን ሊያፈነዳው ይችላል። ቫልቩም የመኪና ዓይነት ይሁን፤ ቀጭኑ ዓይነት ከሆነ በየከተማው ያለው ጎሚስታ አያግዛችሁም።

ጫማ ሶሉ የማይታጠፍ ይሁን። ሙቀት ላይ እግር ያብጣልና ከቀትር በኋላ ማሰሪያውን አላሉት።

የአባይ ቀን

ከጎሃጽዮን እስከ ድልድዩ ቁልቁለቱ ወደ 20 ኪሎ ሜትር፣ ከድልድዩ እስከ ደጀን ዳገቱም ያንኑ ያህል ነው። ከላይ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ከታች ከ1,100 ሜትር በታች። ላይ ጠዋት ጃኬት ያስለብሳል፤ ታች በቀትር ድንጋዩ ራሱ ይፋጃል። ስለዚህ ሰዓቱ ወሳኝ ነው። ጎሃጽዮን እደሩ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ተነሱ። በአንድ ሰዓት ተኩል ድልድዩ ጋ ትደርሳላችሁ። ዳገቱን በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር ብትወጡት፣ ዕረፍት ተጨምሮ፣ ከረፋዱ 5 ሰዓት ተኩል ገደማ ደጀን ናችሁ። አራት ሰዓት ላይ የተነሳ ሰው ያንኑ ዳገት በቀጥተኛ ፀሐይ ነው የሚወጣው።

ቁልቁለቱ ቀላል ይመስላል፤ አደጋው ያለው ግን እዚያ ነው። አስፋልቱ በከባድ መኪናና በመሬት መንሸራተት ብዛት ቦታ ቦታው ላይ ተጨማድዷል፤ የጎማ ቦይ ሠርቷል። ቦዩ ውስጥ የገባ የሳይክል ጎማ አቅጣጫ መቀየር ያቅተዋል። ሲኖትራክና ተሳቢ መኪና በዝግታ ሲወርድ አትቅደሙት፤ ከፊቱ ጉድጓድ ሲሸሽ ወደ እናንተ ይመጣል። ፍሬን ይዛችሁ አትውረዱ፦ ጠንከር አድርጋችሁ ያዙ፣ ልቀቁ፤ የፊቱንና የኋላውን አፈራርቁ። ያለማቋረጥ ከተያዘ ፍሬኑ ቸርኬውን ያግለዋል፣ የጋለ ቸርኬ ደግሞ ካላማዳሪያውን ያፈነዳል። በየ5 ኪሎ ሜትሩ ቆማችሁ እጃችሁን ወደ ቸርኬው አስጠጉ፤ ሙቀቱ እጃችሁን ወደ ኋላ ካስመለሰ አሥር ደቂቃ ጠብቁ። ውሃ አታፍስሱበት። ዲስክ ፍሬን ላላቸውም ያው ነው፤ ዲስኩን በእጅ አትንኩ፣ ያቃጥላል። ጎማ ማቆሚያው ላስቲክ ጎሃጽዮን ላይ ግማሹ ካለቀ እዚያው ቀይሩት።

ለዚህ ቀን ለአንድ ሰው 4 ሊትር ውሃ ጫኑ። በሙቀት ዳገት የሚወጣ ሰው በሰዓት ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ይጠጣል፤ ዳገቱ ደግሞ ሦስት ሰዓት ተኩል ነው። ሁለት ሃይላንድ ፖርቶ መጋላው ላይ በላስቲክ ገመድ ታስሮ ይሂድ። ሙዝና ዳቦ ቦርሳ ውስጥ ይግባ፤ ዝንጀሮዎች የሚታየውን ምግብ ለመንጠቅ አያመነቱም።

ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ብርድ ብርድ ማለት በሙቀት መካከል ከመጣ ወዲያው ጥላ ፈልጉ። ሄልሜትና ጫማ አውልቁ፣ አንገትና ብብት ላይ ውሃ አፍስሱ፣ በእጅ አራግቡ። ጓደኛችሁ የሚናገረው ከተምታታ ወይም ከተደናገረ ነገሩ ከድካም አልፏልና የመጀመሪያውን መኪና አስቁማችሁ ወደ ሐኪም ውሰዱት።

የሚጠጣና የሚበላ

ንጹሕ ውሃ ብቻውን አብዝቶ መጠጣትም ይጎዳል። በላብ የወጣው ጨው ሳይተካ ሆድ ብቻ ይነፋል፣ ራስ ያምማል፣ ያስመልሳል። በአንድ ሊትር ውሃ አምስት የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨውና የግማሽ ሎሚ ጭማቂ ጨምሩ፤ ከሁለት ጠርሙስ አንዱ ይህ ይሁን። ሽንት ፈዛዛ ቢጫ ከሆነ በቂ ጠጥታችኋል፤ እንደ ሻይ ከጠቆረ አልበቃችሁም።

የታሸገ ውሃ ባልተገኘበት ቦታ ውሃውን በነጠላ አጥልሉ፣ ከዚያ አፍሉ። ደጋ ላይ ውሃ ከ100 ዲግሪ በታች ነው የሚፈላው፤ ስለዚህ ከ2,000 ሜትር በላይ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ሦስት ደቂቃ ይቆይ። እንደ ውሃ አጋር ያለ ክሎሪን ከሆነ ጠርሙሱ ላይ በተጻፈው መጠን ጨምራችሁ 30 ደቂቃ ጠብቁ፤ ደፍራሽ ውሃ ላይ አቅሙ ይቀንሳልና ማጥለሉን አትዝለሉ።

በመንገድ ላይ ሰውነት በሰዓት ከ30 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት ይፈልጋል። ሁለት ሙዝ ወደ 50 ግራም ይሰጣል፤ አንድ ዳቦም እንደዚያው። የእኔ ምርጫ በሶ ነው፦ በቀጭኑ በውሃ ተበጥብጦ፣ ማርና ትንሽ ጨው ገብቶበት ጠርሙስ ውስጥ ይያዛል። አፍ ሲደርቅም ይዋጣል፣ ሆድም አይከብድም። ጭኮ ቅቤ ስላለው ለብርድና ለማታ ጥሩ ነው፤ ዳገት ላይ ግን ይከብዳል። ቆሎ ለዕረፍት ሰዓት ይሁን፤ እያለከለኩ ማኘክ ትን ያስብላል። ከመራባችሁ በፊት፣ በየ40 ደቂቃው ትንሽ ትንሽ ብሉ። እጅ መንቀጥቀጥና ቀዝቃዛ ላብ ከጀመረ ጉልበታችሁ አልቋል፤ ለስላሳ ጠጥታችሁ ሩብ ሰዓት ተቀመጡ።

ምግብ ቤት ውስጥ እየተንተከተከ የሚመጣ ሽሮ፣ ትኩስ ፍርፍርና እንቁላል አስተማማኝ ናቸው። ጥሬ ሥጋ፣ ሰላጣ፣ በቧንቧ ውሃ የተቀጠነ ጁስና ጠላ ጉዞው እስኪያልቅ ይቆዩ። ከመብላታችሁ በፊት በውሃ ብቻ ሳይሆን በሳሙና ታጠቡ፤ ቀኑን ሙሉ መሪ የያዘ እጅ ነው። ተቅማጥ ከያዛችሁ ኦ አር ኤስ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጣችሁ፣ ከእያንዳንዱ ወጪ በኋላ አንድ ብርጭቆ ጠጡ። ማሸጊያው ከሌለ ስድስት ለጥ ያለ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በሊትር ያገለግላል። ደም ካለው ወይም ትኩሳት ካለ ሐኪም ይየው።

ጾም ላይ የሚጓዝ ሰው ረቡዕና ዓርብን ጨምሮ ሽሮ፣ ምስር፣ ሽንብራና ለውዝ አብዝቶ ይብላ፤ የተጎዳ ጡንቻ የሚጠገነው በእነሱ ነው። እስከ 9 ሰዓት የምትጾሙ ከሆነ የአባይን ቀን በጾም ቀን አታድርጉት፤ አስቀድማችሁም ከንስሐ አባታችሁ ጋር ተነጋገሩ። በረመዳን ደግሞ መንገደኛ አፍጥሮ ቆይቶ እንዲከፍል ተፈቅዶለታል።

ከፍታ፣ ፀሐይ፣ ትንኝ

ከዋሽንግተን፣ ከቴል አቪቭ ወይም ከዱባይ መጥተው በነጋታው የሚነሱ ወገኖች አሉ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ መንገዱም ከዚያ በላይ ይወጣል። ከባሕር ጠለል የመጣ ሰው ቢያንስ ሦስት አራት ቀን በከተማው ቀላል ልምምድ እያደረገ ይቆይ። እንቅልፍ ማጣትና ቀላል ራስ ምታት በነዚያ ቀናት የተለመደ ነው።

ደጋ ላይ ነፋሱ ስለሚያቀዘቅዝ ፀሐዩ አይታወቅም፤ ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር ግን የሚያቃጥለው ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ሙሉ እጅጌ ስስ ሸሚዝ፣ ከሄልሜት ሥር አንገትን የሚሸፍን ሻሽ፣ ለከንፈር ቅባት። ዳገት ጨርሳችሁ ልብሳችሁ በላብ እንደራሰ ቁልቁል አትውረዱ፤ ጃኬቱን ከላይ፣ ከመውረዳችሁ በፊት ልበሱ።

ወባ ከ2,000 ሜትር በታች ያሰጋል፤ ከክረምት በኋላ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ይብሳል። የአባይ ሸለቆ፣ ፍኖተ ሰላምና ባሕር ዳር በዚህ ውስጥ ይገባሉ። ሸለቆው ውስጥ አትደሩ። ፍኖተ ሰላም ስታድሩ አጎበር መኖሩን ክፍሉን ከመያዛችሁ በፊት ጠይቁ፤ ቀዳዳ ካለው ስፉት። ከመንገዱ በኋላም ቢሆን ትኩሳት ከመጣ በ24 ሰዓት ውስጥ ደም ተመርመሩ፤ ወባ ካለበት ቦታ መምጣታችሁንም ንገሩ።

ውሻ ሲያሳድዳችሁ አብዛኛውን ጊዜ ለማምለጥ ከመሞከር ወርዶ ሳይክሉን በመካከል ማድረግ ይሻላል፤ የሚሮጥ ነገር ሲቆም ውሻውም ይቆማል። ከነከሳችሁ ቁስሉን በሚፈስ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ሙሉ እጠቡ፤ ዛሬውኑ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ወዳለበት ሆስፒታል ሂዱ። ቁስሉ ትንሽ ነው ብላችሁ አትተዉት፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳኛ የለውም።

ልጆች ድንጋይ የሚወረውሩት አብዛኛውን ጊዜ ሄልሜትና መነጽር ያደረገ ሰው ዝም ብሎ በፍጥነት ሲያልፋቸው ነው። መነጽሩን ከፍ አድርጉ፣ ቀነስ በሉ፣ ቀድማችሁ ሰላም በሉ። እስከ ጎሃጽዮን «አካም ጅርቱ»፣ ከአባይ ማዶ «እንዴት ዋላችሁ»። አጠገባቸው ሽማግሌ ካሉ ሰላምታውን ለእሳቸው ስጡ፤ ልጆቹን የሚመክሩት እሳቸው ናቸው።

ዕረፍት

ደብረ ማርቆስ ላይ አንድ ሙሉ ቀን እረፉ። ከአባይ በኋላ የሚመጣው ድካም በነጋታው ሳይሆን በሁለተኛው ቀን ነው የሚሰማው። ጠዋት ከአልጋ ሳትነሱ የልብ ምታችሁን ለአንድ ደቂቃ ቁጠሩ፤ ቤት ሳላችሁ ከነበረው በ10 ከበለጠ ሰውነታችሁ ገና አላገገመም። ያን ቀን ካቴናውን ጠርጋችሁ ዘይት ቀቡ፣ ራጂዎቹን አንድ በአንድ በጣት ቆንጥራችሁ የላላ ካለ አጥብቁ፣ የኮርቻው ናስትሮ ከቦታው አለመንቀሳቀሱን እዩ። ቀትር ላይ ተኙ። ቁምጣዎቹን ሁሉ እጠቡና ፀሐይ ላይ ገልብጣችሁ ስጧቸው፤ ከነገ ጀምሮ እስከ ባሕር ዳር ያለው መንገድ በጠቅላላው ቢወርድም ወደ እንጅባራ የሚያወጣ ዳገት አለው፣ ሰዓቱም የኮርቻ ሰዓት ነው።